ከጌሾው ሥር የወሰድኩት አፈር

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። «ዓሣ አረባለሁ» ካልኩ ለመጥበሻ ይመስላቸዋል። «በመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከውሃ በታች፣ አትክልት እተክላለሁ» ካልኩ ደግሞ ፊቴን አይተው ወሬ ይቀይራሉ። እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ሆቴሎችና የደላቸው ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ የሚያቆሙትን የዓሣ መስታወት አዘጋጃለሁ። ዓሣውን ማንም ይገዛዋል። የእኔ ሙያ ከሥር የሚነጠፈው አፈር ነው። ታሪኬም ስለዚያ አፈር ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝና ሙያዬን ላስረዳችሁ፤ እሱ ካልገባችሁ የሠራሁት ጥፋትም አይገባችሁም።

በዓሣ መስታወት ውስጥ ተክል እንዲበቅል ከተፈለገ ወለሉ በሦስት ድርብ ይነጠፋል። ከሁሉ በታች ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ቀይ ድንጋይ፣ ሥር እንዲተነፍስበት። ከሱ በላይ ሁለት ጣት ያህል አፈር፣ ተክሉ እንዲመገብበት። ከዚያ በላይ ደግሞ ሦስት ጣት የታጠበ አሸዋ፣ አፈሩን ተጭኖ እንዲይዝ። አሸዋው ከሳሳ አፈሩ ይነሣና ውሃው ይደፈርሳል፣ ዓሣውም ይታፈናል። እንግዲህ ሙያዬ ባጭሩ፣ አፈርን ከታች አድርጎ እንዳይነሣ መክደን ነው።

ተወልጄ ያደግኩት መካነ ሰላም ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የምላቸው፤ «አባዬ» ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ያላቸው አንድ ልጅ እኔ ስለነበርኩ ወንበራቸውን እንድወርስ ይጠብቁ ነበር። ለእኔ ግን ግሱም አልገባኝ፣ አለንጋውም አልተስማማኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ በአቀስታ፣ በደሴ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁና አንድ የዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጠርኩ። የኔታ ይህን ሲሰሙ፣ «ዳዊት ደጋሚ ይሆናል ያልኩት ልጅ ዓሣ ጠባቂ ሆነ» አሉ አሉ። ከዚያ ወዲህ በስልክ እንኳ ያወራነው በጣት የሚቆጠር ነው። ሲያርፉ ለቀብር ደረስኩ፤ ከቀብሩ በኋላ እናቴን ብቻዋን ትቼ መሄድ አንጀቴ እምቢ አለኝና፣ አዲስ አበባ ያለ ዕቃዬን ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ሥራ አገኛለሁ ብዬ አልነበረም። የመካነ ሰላም ሰው ዓሣ በመስታወት ውስጥ ምን ያደርግለታል? ይሁንና ሙሉጌታ የሚባል፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ሰው ከዋናው መንገድ ዳር አዲስ ሆቴል ከፍቶ ኖሮ፣ ሙያዬን ሲሰማ ቤቴ ድረስ መጣ።

«አዲስ አበባ አይቼ ልቤ ሄዷል። ለምን እኛስ አይኖረንም? ሰው ቢራውን ይዞ ዓሣ ይይ» አለኝ።

መስታወቱን ከደሴ አስመጣን። ዓሦቹና ተክሎቹ በላስቲክ ውስጥ ሆነው በሚኒባስ እስኪደርሱ የሦስት ሳምንት ጊዜ ነበረኝ። አሸዋው ከወንዝ መጣ። የቀረው አፈሩ ብቻ ነበር።

በአፈር ነገር ደግሞ እኔ አጉል ጥንቁቅ ነኝ። ማዳበሪያ የነካው አፈር ውሃ ውስጥ ሲገባ መርዝ ይሆናል፤ ዓሣውን በሁለት ቀን ይፈጀዋል። በከተማው ዙሪያ ደግሞ ማዳበሪያ ያልነካው ማሳ የለም። ግጦሹ ላይ አዛባ አለ፣ እሱም ያው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አፈር ማለፊያ ነበር፣ ግን የመቃብር ቦታ ነውና እንኳን ልነካው በሐሳቤም አላለፈ። አንድ ሳምንት ሙሉ ባልዲዬን ይዤ ስዞር ሰው እየሳቀብኝ፣ «መሬት ገዝተህ ነው?» ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ የምፈልገው አፈር ጓሯችን ውስጥ እንዳለ ታየኝ።

ከቤታችን ጀርባ፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሀራ ጋር በሚያዋስነን አጥር ጥግ አንድ ትልቅ ጌሾ አለ። ይህ ጌሾ በልጅነቴ ይገርመኝ ነበር። እናቴ ለጠላ የሚሆናትን ጌሾ የምትገዛው ከገበያ ነው። «የጓሯችንስ?» ስላት «እሱ አይሆንም፣ መራራ ነው» ትለኛለች። መራራ ያልሆነ ጌሾ የት እንደሚገኝ አልጠየቅኩም፤ ልጅ ነበርኩ። ቅጠሉን የሚሸመጥጠው፣ ሥሩን የሚኮተኩተው ሰው አይቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅጠሉ እዚያው እየረገፈ፣ እዚያው እየበሰበሰ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ሆኗል። ዘግኜ አሸተትኩት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ያለ አፈር እጄ ገብቶ አያውቅም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ የሰኔ መጨረሻ ነበር። እናቴ ማልዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ዶማ አነሣሁና ክንዴ እስኪገባ ድረስ ቆፈርኩ። አምስት ባልዲ ሞላሁ። ከዚያ በወንፊት ነፋሁት፤ ሥሩ፣ ጠጠሩና ጭራሮው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ከቀረው መካከል አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ዶቃ አየሁ። አንሥቼ፣ በአውራ ጣቴ ጠርጌ፣ ወደ ፀሐዩ አድርጌ ተመለከትኳት። የማን ልጅ ጥሏት ይሆን ብዬ መልሼ ከጠጠሩ ጋር ጣልኳት። ጠጠሩንም በመንገድ በኩል ባለው አጥር ላይ አሻግሬ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ደፋሁት። ከዚያ አፈሩን በውሃ ዘፍዝፌ፣ የሚንሳፈፈውን እያጠለልኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። እጣቢውም እዚያው ቦይ ውስጥ ተደፋ።

እናቴ ስትመለስ በረንዳው ላይ እስከ ክርኔ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ጭቃ?» አለች እየሳቀች።

«ለሆቴሉ ነው እማዬ። የተክሎቹ ምግብ ይኼ ነው።»

«ከየት አገኘኸው?»

«ከጌሾው ሥር።»

ሳቋን አቆመች። ወደ ጓሮ ዞረች። ቆየች። ስትመለስ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፣ አልሰበሰበችውም።

«አጥልቀህ ቆፈርህ?»

«ክንዴ ድረስ።»

«አጠብኸው?»

«ሦስት ጊዜ። አሁን ንጹሕ ነው» አልኳት፤ በሥራዬ እየኮራሁ።

ከባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጣቶቿን ጭቃው ውስጥ ከተተች። እዚያው አቆየቻቸው።

«በጌሾው ተናደድሽ እንዴ? ሥሩን አልነካሁትም፣ አይደርቅም። ደግሞስ አንቺ መቼ ተጠቀምሽበት?»

«አልተናደድኩም» አለች።

ምሳ ቀርቦ አልበላችም። ጾም ስለነበር፣ ጅሉ እኔ፣ የጾሙ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ባልዲዎቹን ባጃጅ ላይ ስጭን እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«እኔም አብሬህ ልሂድ» አለች።

ደነገጥኩ። የመሪጌታ ሚስት ናት፤ በሕይወቷ መጠጥ ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ግን ደስ አለኝ፤ እንዲያው አንድ ቀን የልጇን ሥራ ልታይ ፈለገች ብዬ። ባጃጁ ውስጥ አንዱን ባልዲ ከእግሯ ሥር አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችና በሁለት እጇ አቀፈችው። «ልብስሽ ይበላሻል» ብላት እንዳልሰማች ሆነች።

ሙሉጌታ ከበሩ ላይ ተቀበለን። «እናታችን፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ዓሣዎቹን ሊባርኩልን ነው?» ብሎ ወንበር አቀረበላት። ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ቀዩን ድንጋይ አነጠፍኩ። ቀጥዬ አፈሩን ገለበጥኩና በመዳፌ እየመታሁ መደልደል ጀመርኩ።

«በቀስታ አድርገው» አለች።

«ካልጠበቀ አየር ይይዛል እማዬ።»

«ይያዝ። አንተ ብቻ በቀስታ።»

ለዘብ አድርጌ ደለደልኩት። አሸዋውን ልጨምር ስል ከወንበሯ ተነሣች። «እኔም ትንሽ ልጨምርበት?» አለችኝ። ሙሉጌታ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እጅጌዋን ሰብስባ አሸዋ ዘገነችና አፈሩ ላይ በተነች፤ ሦስት ጊዜ ዘግና ሦስት ጊዜ በተነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ የምትለው ግን አይሰማም። የቀረውን እኔ ጨረስኩት። ውሃው አፈሩን እንዳይቆፍረው አሸዋው ላይ ሰሐን አስቀምጬ፣ በሰሐኑ ላይ በቀስታ አፈሰስኩ። እሑድ በሚኒባስ የደረሱትን ተክሎች አንድ በአንድ ተከልኩ፣ ዓሦቹንም ለቀቅኩ። አመሻሹ ላይ ውሃው ጠርቶ መብራቱ ሲበራ በአዳራሹ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ በየቀኑ ወደ ሆቴሉ ትሄድ ጀመር።

ማልዳ ኪዳን ታደርሳለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት በመምጣት ፈንታ በቀጥታ ሆቴል ትገባና፣ ያችን ወንበር ወደ መስታወቱ አዙራ ትቀመጣለች። ዓሦቹን አታይም። ዓይኗ ወለሉ ላይ፣ አፈሩና አሸዋው በመስታወቱ በኩል እንደ ሁለት መስመር በሚታዩበት ላይ ነው። አስተናጋጆቹ ሻይ ያቀርቡላታል፤ ሳትነካው ይቀዘቅዛል። በጎኗ ቢራ ይከፈታል፣ ሰው ይሳሳቃል፣ እሷ ንቅንቅ አትልም። ሙሉጌታ መጀመሪያ ላይ ቀለደ። በሦስተኛው ቀን ቀልዱን ትቶ፣ «እናትህ ደህና ናቸው?» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት የእናቴ የሰንበቴ ማኅበርተኛ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። «እናትህን ምን ነካት? ከኪዳን ወጥታ ቢራ ቤት ትውላለች ይባላል። እንዲያው የየኔታ አጥንት ምን ይላል?» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። እናንተ ትልቅ ከተማ የምትኖሩ ይህ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። በእኛ አገር ግን የመሪጌታ ሚስት ስም ከራሷ በፊት የቤቱ ስም ነው። ቤት ደርሼ እስክትመጣ ጠበቅኳት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምን ሆንኩ?»

«ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስንት ዘመን የኖርሽበትን ስም በአራት ቀን ልታጠፊው ነው? ዓሣ ካማረሽ እዚሁ በረንዳችን ላይ እሠራልሻለሁ!»

«ዓሣ አላማረኝም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታዪው? አፈርና ውሃ እኮ ነው!»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እውነትህን ነው ልጄ» አለች። «አፈርና ውሃ ነው።»

ገብታ በሯን ዘጋች። ዓርብ ጠዋት ኪዳን ሄደች፤ ከዚያም፣ እንደገመትኩት፣ ሆቴል።

በዚያው ጠዋት እትዬ ዘሀራ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። እትዬ ዘሀራ የእናቴ እኩያ ናቸው። አጥሩ ላይ ያለችውን ማለፊያ የኔታ ራሳቸው ናቸው የከፈቷት፤ በፋሲካ ከእኛ ቤት ወደሳቸው፣ በኢድ ከሳቸው ቤት ወደ እኛ ሰሐን ይሻገርባታል። ስሻገር ዱካ በምንላት በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

«ትናንት በእናትህ ላይ ስትጮህ ሰማሁህ። አጥሩ ስስ ነው» አሉኝ።

አፈርኩ። «የማደርገው ቢጠፋኝ ነው እትዬ።»

«ከጌሾው ሥር አፈር ቆፍረህ አወጣህ?»

«አዎ። አንድ ጌሾ ይህን ያህል መንደሩን ያናውጣል እንዴ?»

ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት።

«ስማኝ ጌትነት» አሉ። «ለየኔታ ቃል የገባችው እናትህ ናት። እሳቸው አፈር ከገቡም በኋላ ቃሏን አላጠፈችም። እኔ ግን ቃል የገባሁት የለም። እህት ነበረችህ።»

አልገባኝም። «የምን እህት?»

«ከአንተ በኋላ የተወለደች። አንተ ገና ሦስት ዓመትህ ነበር፣ አታስታውስም። በክረምት ነው የተወለደችው። ሁለት ወር ሲሆናት ታመመች። እናትህ፣ ይቺ ልጅ አትቆይልኝም፣ ቄስ ይምጣና ያጥምቅልኝ ብላ ለመነች። የኔታ፣ ለሰማንያዋ የቀራት ጥቂት ቀን ነው፣ ሥርዓቷን ጠብቃ ትጠመቅ፣ ይሻላታል አሉ። በሰባ ሁለተኛ ቀኗ ሞተች።»

እትዬ ዘሀራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያልተጠመቀ ልጅ በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አይቀበርም። ፍትሐት የለ፣ ድንኳን የለ፣ ለቅሶ የለ። የኔታ ዝናብ እየወረደባቸው በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። በራሳቸው ነጠላ ጠቅልለው ቀበሯት። ማንም እንዳያርስባት፣ ማንም ቤት እንዳይሠራባት ብለው ጌሾ ተከሉባት። ከዚያ እናትህን፣ ከዛሬ በኋላ ስሟን በዚህ ቤት አታንሺ፣ አታልቅሽ ብለው ቃል አስገቧት። ክፉ ሆነው አይደለም። ቄሱን ባለመጥራታቸው የገዛ ልባቸው ሲበላቸው ኖሯል፤ ስሟን መስማት አልቻሉም። እሷም ይኸው ሠላሳ ዓመት።»

መጠየቅ አልፈለግኩም፣ ግን እሳቸው ቀጠሉ።

«ጎናችሁ ስለሆንኩ ገንዤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስትወለድ ሄጄ እጇ ላይ ያሰርኩላት ዶቃ ነበረች። ልፈታት ስል እናትህ፣ ተዪላት፣ ከእኛ ቤት ይዛ የምትሄደው ሌላ ነገር የላትም አለችኝ። በዶቃዋ ተቀበረች። ወላሂ፣ በእኛ ቢሆን ሰግደንባት ነበር የምንቀብራት። የኔታ አያውቁም እንጂ፣ እኔ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግላታለሁ።»

«ዶቃዋ ምን ዓይነት ናት?» አልኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ አውቄዋለሁ እኮ።

«ሰማያዊ።»

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ቦዩ ውስጥ በጉልበቴ መሆኔን ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ሦስት ጊዜ ከባድ ዝናብ ጥሏል። ወንፊቱን ይዤ፣ ጭቃውን እያፈስኩ፣ እየነፋሁ፣ ከአጥራችን ጥግ ጀምሬ መንገዱን አቋርጦ ውሃው እስከሚገባበት ቱቦ ድረስ ሄድኩ። ሰው ወርቅ የጠፋኝ መስሎት ሊያግዘኝ ቆመ፤ መልስ ስላልሰጠሁ እያዘነ ሄደ። ጠጠር አገኘሁ፣ የጠርሙስ ክዳን አገኘሁ፣ ቁልፍ አገኘሁ። ዶቃ የለም። እጄን ባየሁት ቁጥር፣ አጥንቷ ሳይቀር አፈር የሆነችውን እህቴን እንዴት እንደ ነፋኋት፣ እንዴት ሦስት ጊዜ እንዳጠብኳት፣ እጣቢዋን ወዴት እንደደፋሁት ይታየኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ሐዘን በአባቴ ቀብር ላይ እንኳ አልተሰማኝም።

እኩለ ቀን ላይ እናቴ ከሆቴል ስትመለስ ቦዩ ውስጥ አገኘችኝ።

«ምን ጠፋህ?» አለች።

«ዶቃዋ» አልኩ።

በነጭ ልብሷ ቦዩ ዳር፣ ጭቃው ላይ፣ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«ማን ነገረህ?»

«እትዬ ዘሀራ።»

«እኔ አልተናገርኩም» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን በማዶ ለቆመ ሰው የምትመልስ ይመስል። «እኔ አልተናገርኩም።»

«አልተናገርሽም እማዬ። እኔ ምስክር ነኝ።»

ወንፊቱን ከእጄ ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ተው በቃ። ውሃ የወሰደውን ማን ያገኘዋል? አንተ የሆቴሉን መልስልኝ» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሙሉጌታ ዘንድ ገብቼ፣ «መስታወቱን ላፈርሰው ነው» አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። «አምስት ቀን እንኳ ሳይሞላው? ከወረኢሉ ድረስ ሰው መጥቶ እያየልኝ?» አለ። ለብቻው ወስጄ ነገርኩት። ጨርሼ ሳልነግረው ኮቱን አወለቀ። ደንበኞቹን ይቅርታ ጠይቆ አስወጣና የአዳራሹን በር ዘጋው። «ባልዲ አምጡ» ብሎ ራሱ እጅጌውን ሰበሰበ።

ዓሦቹን በሌላ ዕቃ አቆየናቸው። ተክሎቹን ነቀልኩ። ውሃውን በጎማ ስስበው አፈሩ ተነሣ፤ አሸዋው፣ አፈሩና ድንጋዩ ተደባለቁ። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት እነዚህ ድርብርቦች እንዳይቀላቀሉ ማድረግ ነበር። ያን ቀን ግን የትኛው አፈር፣ የትኛው አሸዋ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ባልዲው ላይ አጎንብሼ ጭቃውን በጣቴ እየለየሁ ሳለቅስ ሙሉጌታ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አትለየው ወንድሜ። ሁሉንም ውሰደው» አለኝ።

ሁሉንም ወሰድኩት። የደፈረሰውን ውሃ ሳይቀር በጀሪካን ቀዳን። መስታወቱን በጨርቅ ጠርጌ፣ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ አለቀለቅኩት።

በማግስቱ ጠዋት፣ አፈሩን ከመመለሳችን በፊት፣ ወደ እናቴ የነፍስ አባት ሄጄ ፍትሐት ይደረግላት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ አባቴንም ያውቁ ነበር። «ሥርዓት ሥርዓት ነው ልጄ፣ እኔ አልሽረውም» አሉ። «ማልቀስን ግን ማን ከለከለ?»

ጉድጓዱን ራሴ አጸዳሁት። አምስቱን ባልዲ፣ ድንጋዩንም አሸዋውንም፣ በቀስታ መለስኩ። መዳፌን አስቀምጬ ደለደልኩ እንጂ አልመታሁም። እትዬ ዘሀራ ንፍሮ ቀቅለው በማለፊያዋ ተሻገሩ። ሰባት የሚሆኑ የሰፈር ሴቶች፣ ከሁለቱም ሃይማኖት፣ ጌሾው ሥር በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ያቺ መንገድ ላይ ያስቆመችኝ ማኅበርተኛም አንገቷን ደፍታ መጣች። እናቴ መሐላቸው ተቀምጣለች። ማልቀስ የረሳች ነበር የምትመስለው።

እትዬ ዘሀራ ጉልበቷን ያዙ። «በይ በቃ» አሏት። «ቃልሽን እስከ መጨረሻው ጠብቀሻል። አሁን አልቅሽ።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ውስጥ፣ ቀጭን በሆነ፣ በማላውቀው ድምፅ «እናኑ» አለች። ደገመችው። «እናኑ፣ የኔ እናኑ።» ሴቶቹ ተቀበሏት። የእህቴን ስም በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እንዲህ ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን።

የሙሉጌታን መስታወት በኋላ እንደገና ሠራሁለት፤ በድንጋይና በአሸዋ ብቻ፣ አፈር በማይፈልጉ ተክሎች። ሥራዬን አልተውኩም፣ እንጀራዬ ነው። ግን አፈር ሳነሣ አሁን ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን እናት ጭምር እጠይቃለሁ። ሰዎች እንደ አጉል ልማድ ያዩብኛል። የሚስቁም አሉ፣ ይሳቁ። ስለ የኔታ ከጠየቃችሁኝ መልሴ በየቀኑ ይለያያል። አንዳንድ ቀን እናቴን ሠላሳ ዓመት ዝም ስላሰኟት እቆጣቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዝናብ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ሲያወልቁ ይታዩኛል፤ ያን ጊዜ፣ በሕይወት ሳሉ ያላልኳቸውን «አባዬ» እላቸዋለሁ።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ማንም የማይቆፍረው ጥግ፣ ማንም የማይሸመጥጠው ዛፍ ካለ፣ ምክንያቱን ጠይቁ። እናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። «መራራ ነው» ቢሏችሁ እንደ እኔ አምናችሁ አትለፉ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ከተነሡ በኋላ እኔና እናቴ ጌሾው ሥር ብቻችንን ቀረን።

«አየሃት?» አለችኝ።

«ዶቃዋን?»

«እህ።»

«አይቻታለሁ። ወንፊቱ ላይ አግኝቼ በአውራ ጣቴ ጠርጌ አየኋት።»

«ቀለሟ አልለቀቀም?»

«አልለቀቀም እማዬ። ሰማያዊ ናት። ወደ ፀሐይ ሳደርጋት ታበራ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀኝ እጄን ስባ፣ አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ለይታ ያዘችና፣ ብዙ ካየችው በኋላ ሳመችው።